ከእያንዳንዱ ዶላር ሩቡን የሚያስቀረው ጨዋታ፦ ኬኖና የገበያ ቋንቋው

በላስ ቬጋስ ነባር ሆቴሎች ምግብ ቤት የሚቀመጥ እንግዳ ለረጅም ዓመታት ከጨውና ከቁንዶ በርበሬው ጎን ቁጥር የታተመባቸው ወረቀቶችና አጭር ጥቁር የሰም እርሳስ ያገኝ ነበር። ምግቡ እስኪመጣ ጥቂት ቁጥሮች ላይ ምልክት ያደርጋል፤ አንዲት ሠራተኛ መጥታ ወረቀቱንና ገንዘቡን ትወስዳለች፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ቁጥሮች አንድ በአንድ መብራት ይጀምራሉ። ለአገራችን ሰው ሎተሪና ቢንጎ ተዳቅለው የወለዱት ይመስለዋል። ጨዋታው ኬኖ ይባላል።

ዛሬ በከተማዋ ዋና ጎዳና ላይ ካሉት ታላላቅ ካሲኖዎች ብዙዎቹ የኬኖ አዳራሻቸውን ዘግተዋል። ጨዋታው ግን አልጠፋም። በመሀል ከተማና ከዋናው ጎዳና ወጣ ባሉ ቤቶች በኳስ ይቀጥላል፤ በማሽን መልክ ደግሞ ከቀድሞው በበለጠ ተስፋፍቷል። በላስ ቬጋስ በርካታ ኢትዮጵያውያን በሆቴል፣ በካሲኖና በታክሲ ሥራ ተሰማርተው ይኖራሉ። በየዓመቱ በጥር ወር ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች፣ በኅዳር ወር ደግሞ ለመኪና መለዋወጫዎች በሚዘጋጁት የንግድ ትርኢቶች ምክንያት ከተማዋን የሚረግጠው ነጋዴም ከማረፊያ ክፍሉ ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ በካሲኖ ውስጥ ማለፍ ይኖርበታል። ኬኖ አንድ ዶላር አስይዞ ብዙ ሺህ ዶላር የሚያስመኝ፣ ችሎታ የማይጠይቅ ጨዋታ በመሆኑ እጅ ለመሳብ የሚቀድመው ጥቂት ነው። ዋጋውን ከመክፈል በፊት ዋጋውን ማንበብ የንግድ ወግ ነውና፣ የኬኖን ቃላትና ሂሳብ መመልከቱ አይከፋም።

ሰማንያ ቁጥር፣ ሃያ ኳስ

ሕጉ አጭር ነው። ከ1 እስከ 80 ቁጥር የተጻፈባቸው ኳሶች አሉ። በእያንዳንዱ ጨዋታ ከነዚህ 20ዎቹ በዕጣ ይወጣሉ። ተጫዋቹ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ከአንድ ቁጥር ጀምሮ እስከ 15፣ በአንዳንድ ቤቶችም እስከ 20 ቁጥር ይመርጣል። ከመረጣቸው ውስጥ ስንቱ ከወጡት 20 መካከል እንደተገኙ ይታይና በካሲኖው የክፍያ ሰንጠረዥ መሠረት ይከፈለዋል፤ ወይም አይከፈለውም። የተጫዋቹ ውሳኔ ሁለት ብቻ ነው፦ ስንት ቁጥር እንደሚመርጥና በየትኛው ቤት ሰንጠረዥ እንደሚጫወት። የትኞቹን ቁጥሮች እንደሚመርጥ ለሂሳቡ ምንም አያመጣም። የልጅ ልደት ቀንም ሆነ የመኪና ታርጋ ቁጥር ዕድላቸው እኩል ነው።

ተጫዋቹ ምልክት ያደረገበት እያንዳንዱ ቁጥር «ስፖት» ይባላል። ስምንት ቁጥር የመረጠ ሰው «ኤይት ስፖት» ተጫወተ ይባላል። ከመረጣቸው ውስጥ በዕጣው የወጣለት ቁጥር ደግሞ «ካች» ነው፤ ከስምንቱ አምስት ከወጡለት «አምስት ካች አደረገ» ማለት ነው። እነዚህን ሁለት ቃላት የያዘ ሰው የማንኛውንም ቤት ሰንጠረዥ ማንበብ ይችላል። በአንድ በኩል የካቹ ብዛት፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ የሚከፈለው ገንዘብ ይሰፍራል፤ ለእያንዳንዱ የስፖት ብዛት የየራሱ ሠንጠረዥ አለው።

ቲኬቱን ተቀብሎ የሚመዘግበው ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ሠራተኛ «ራይተር»፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች የምትሰበስበው ደግሞ «ራነር» ትባላለች። ኳሶቹ የፒንግ ፖንግ ኳስ ዓይነት ቀላል ሲሆኑ «ብሎወር» በሚባል መስታወት መሰል ዕቃ ውስጥ በአየር ግፊት ይናጣሉ። አየሩ እየገፋ ወደ ሁለት ቱቦዎች ያስገባቸዋል። እያንዳንዱ ቱቦ አሥር ኳስ ይይዛል፤ ከላይ ቀጥ ብለው ስለቆሙ ሠራተኞቹ «የጥንቸል ጆሮ» ይሏቸዋል። ሁለቱ ጆሮዎች ሲሞሉ ዕጣው አለቀ።

አንድ ዙር ጨዋታ «ሬስ» ማለትም እሽቅድምድም ይባላል። ለምን እሽቅድምድም እንደተባለ የሚያስረዳው ታሪኩ ነው። የጨዋታው ሥር ከቻይና ነው፤ «የነጭ ርግብ ቲኬት» በሚል ስም በቁጥር ፋንታ በቻይና ፊደላት ይጫወቱት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ቻይናውያን ሠራተኞች ይዘውት ገቡ፤ 80 ፊደላት፣ 20 የሚወጡ። በኋላ ፊደላቱ በቁጥር ተተኩ። የኔቫዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1931 ቁማርን ሕጋዊ ስታደርግ ሎተሪን ግን አልፈቀደችም። ሬኖ ከተማ የሚገኘው ፓላስ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1936 ጨዋታውን ሲጀምር የሎተሪ ስም እንዳይሰጠው ለእያንዳንዱ ቁጥር የፈረስ ስም ወጣለትና «የፈረስ እሽቅድምድም ኬኖ» ተባለ። የፌዴራሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1951 ከሜዳ ውጭ በሚካሄድ የፈረስ ውርርድ ላይ ግብር ሲጥል ደግሞ ካሲኖዎቹ ፈረሶቹን በፍጥነት አሰናበቱ። «ሬስ» የሚለው ቃል ግን ሳይሰናበት ቀረ። ግብርና ስም እንዲህ ተያይዘው መሄዳቸው ለአገራችን ነጋዴም እንግዳ ነገር አይደለም።

ቲኬቱ የሚሄድበት መንገድ

ተጫዋቹ ምልክት ያደረገበት ወረቀት ራሱ ዋጋ የለውም። ራይተሩ ወደ ኮምፒዩተር ካስገባው በኋላ የሚታተመው ደረሰኝ ነው ገንዘብ የሚያስገኘው። በወረቀቱ ላይ 36 ተብሎ በደረሰኙ ላይ 63 ቢታተም የሚሠራው ደረሰኙ ነው። ስለዚህ የለመዱ ተጫዋቾች ዕጣው ከመጀመሩ በፊት ቁጥሩን፣ የገንዘቡን መጠንና የጨዋታውን ተራ ቁጥር ያመሳክራሉ፤ ዕጣው ከተጀመረ በኋላ የሚሰማ አቤቱታ የለም። እንዲሁም ራነሯ ቲኬቱን ይዛ ከባንኮኒው ሳትደርስ ጨዋታው ቢዘጋ ቤቱ ኃላፊነት እንደማይወስድ በየሰንጠረዡ ጀርባ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል። ትእዛዙ ገበያው ከመዘጋቱ በፊት ካልተፈጸመ እንዳልታዘዘ ይቆጠራል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የመሰብሰቢያ ደንብ ነው። በኔቫዳ ልማድ የአንድ ዙር ቲኬት ያሸነፈ ሰው የሚቀጥለው ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ገንዘቡን መቀበል አለበት፤ ካልሆነ ያልፍበታል። በጨዋታዎች መካከል ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። አሸናፊ ቲኬት ኪሱ ውስጥ ይዞ ምግቡን ሲያላምጥ የቆየ ሰው ቲኬቱ ተራ ወረቀት ሊሆንበት ይችላል። ለተከታታይ ጨዋታዎች በአንድ ጊዜ የሚገዛው «መልቲ ሬስ» ቲኬት የሚከፈለው የመጨረሻው ዙር ካለቀ በኋላ ነው። ከ20 ዙር በላይ የተገዛ እንደሆነ ደግሞ ብዙ ቤቶች እስከ አንድ ዓመት ጊዜ ይሰጣሉ። ተጓዥ ሰው ቲኬቱን ቆርጦ ወደ ጉዳዩ እንዲሄድ የተዘጋጀው ይኸኛው ዓይነት ነው።

«በ» እና «ላይ»፦ ሁለቱ የዋጋ አጠራሮች

የካሲኖ ዋጋ በሁለት መንገድ ይጠራል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በሩሌት ጠረጴዛ አንድ ቁጥር ላይ ያስያዘ ሰው ሲያሸንፍ «35 ለ1» ይከፈለዋል፤ 35 ዶላር ትርፍ ያገኛል፣ ያስያዘው አንድ ዶላርም ይመለስለታል። ትርፉ በዋናው ላይ ነው። በኬኖ ግን ሰንጠረዡ ላይ የሚታየው ክፍያ «በአንድ ዶላር ይህን ያህል» የሚል ነው፤ ያስያዘው ዶላር እዚያው ውስጥ ተቆጥሮ ይገኛል። ሰንጠረዡ 3 ዶላር ሲል ትርፉ 2 ዶላር ብቻ ነው። «1 ዶላር ይከፈላል» የሚል ሲገኝ ደግሞ ተጫዋቹ አላሸነፈም፤ የራሱን ገንዘብ መልሶ ተቀበለ እንጂ። ነጋዴ የሸጠበትን ጠቅላላ ገንዘብ ከትርፉ ጋር እንደማያደባልቅ ሁሉ እነዚህም መደባለቅ የለባቸውም።

ይህ ከታወቀ በኋላ የቀረው ማካፈልና ማባዛት ነው። በቀላሉ እንጀምር። አንድ ቁጥር ብቻ የመረጠ ሰው ከ80 ውስጥ 20 ስለሚወጡ የማሸነፍ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ያለ ትርፍ የሚሠራ ቤት ቢኖር በአንድ ዶላር 4 ዶላር መክፈል ነበረበት። በብዙ ቤቶች የተለመደው ክፍያ 3 ዶላር ነው። አራት ጊዜ ተጫውቶ አንድ ጊዜ ያሸነፈ ሰው 4 ዶላር አውጥቶ 3 ይዞ ይመለሳል፤ ከመቶ 25 ለቤቱ ቀረ።

ሁለት ቁጥር ሲመረጥ ሁለቱም የመውጣታቸው ዕድል ከ16.6 አንድ ገደማ ነው። የተለመደው ክፍያ 12 ዶላር ነው። የቤቱ ድርሻ ወደ 28 ከመቶ ከፍ አለ። ሦስት ቁጥር ተመርጦ ሦስቱም ሲወጡ (ከ72 አንድ) 42 ዶላር፣ ሁለቱ ሲወጡ አንድ ዶላር የሚከፍል ሰንጠረዥ ቢወሰድ ውጤቱ ያው 28 ከመቶ ነው። ክፍያው 12 ይሁን 42፣ የቤቱ ድርሻ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሰንጠረዡን ያወጣው ሰው ሂሳቡን ከታች ወደ ላይ ሠርቶታል።

ለማነጻጸር ያህል፣ ሁለት ዜሮ ባለው የአሜሪካ ሩሌት የቤቱ ድርሻ 5.26 ከመቶ ነው። በባካራት «ባንከር» በሚባለው ወገን ላይ ሲያስይዙ ደግሞ 1.06 ከመቶ ብቻ። በአገራችን ቤት ሲሸጥ ሁለት ከመቶ የሚቀበል ደላላ ስንት እንደሚወቀስ ይታወቃል፤ ከ25 እስከ 30 ከመቶ የሚቆርጥ ደላላ ግን በቡና ቤቱ ቁጭ ብሎ ደንበኛ ሲጎርፍለት የሚታየው በኬኖ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የትልቁ ሽልማት ድርሻ

ተጫዋቹን የሚስበው ግን ሦስት ዶላር አይደለም። ኤይት ስፖትን እንውሰድ። ለማስረጃ ያህል አንድ ሰንጠረዥ በአንድ ዶላር ለአምስት ካች 9 ዶላር፣ ለስድስት 90፣ ለሰባት 1,500፣ ለስምንቱም 25,000 ዶላር ይከፍላል እንበል። ዕድሎቹ በቅደም ተከተል ከ55 አንድ፣ ከ423 አንድ፣ ከ6,232 አንድ እና ከ230,115 አንድ ገደማ ናቸው።

አሁን የአንዱ ዶላር ጉዞ ሊታይ ይችላል። ከዶላሩ 16 ሳንቲም ያህሉ በአምስት ካች፣ 21 ሳንቲም በስድስት ካች፣ 24 ሳንቲም በሰባት ካች አማካይነት ወደ ተጫዋቾች ይመለሳል። ሁሉም ሰው የሚያየው 25,000 ዶላር ከዶላሩ የሚመልሰው 11 ሳንቲም ብቻ ነው። ድምሩ 73 ሳንቲም ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ 27ቱ ለቤቱ ነው። ከዚህም ሌላ ከ48 ቲኬቶች ውስጥ 47ቱ ምንም አይከፈላቸውም። በየቀኑ 64 ዙር የሚጫወት ሰው (ይህ በሰዓት ስምንት ዙር፣ ለስምንት ሰዓት ማለት ነው፤ የሙሉ ቀን ሥራ) ስምንቱንም ለማግኘት በአማካይ አሥር ዓመት ያህል መቀመጥ ይኖርበታል። በዚያን ጊዜ ያስያዘው ገንዘብ 230,000 ዶላር ደርሷል፤ የሚጠብቀው ትልቅ ሽልማት 25,000 ነው።

ቁጥሩ ሲጨምር ዕድሉ የሚቀንሰው ደረጃ በደረጃ ሳይሆን በገደል ነው። አሥር ተመርጦ አሥሩም የሚወጡበት ዕድል ከ8.9 ሚሊዮን አንድ ነው። ሃያ መርጦ ሃያውም እንዲወጡ የሚጠብቅ ሰው ከ3.5 ኩዊንቲሊዮን አንድ ዕድል ይዟል፤ ከ35 ቀጥሎ 17 ዜሮ የሚጻፍ ቁጥር ነው። አንዳንድ ቤቶች ለሃያ ስፖት ምንም ካች ላላደረገ ሰውም ይከፍላሉ፤ ጭራሽ አለመውጣቱም ያን ያህል ብርቅ ስለሆነ ነው።

በሰንጠረዡ ጀርባ «አግሪጌት ሊሚት» የሚል ሐረግም ይገኛል። በአንድ ዙር ቤቱ ለሁሉም አሸናፊዎች በድምሩ የሚከፍለው የመጨረሻ ጣሪያ ነው። ጣሪያው 100,000 ዶላር ቢሆንና በአንድ ዙር ሦስት ሰዎች ለየብቻቸው 50,000 ቢደርሳቸው፣ 150,000 ሳይሆን 100,000ውን ይካፈላሉ። ዕድሉ የጠበበ በመሆኑ ይህ የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው፤ ነገር ግን በውሉ ውስጥ የተጻፈው የማን ኪሳራ እንዲገደብ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ባንኩ ማነው?

ይህ ጣሪያ ወደ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ይወስዳል። በሎተሪ የሚታተመው ቲኬትና የሚሰጠው ሽልማት አስቀድሞ ይታወቃል፤ ወይም ከሽያጩ የተሰበሰበው ገንዘብ ለአሸናፊዎች ይከፋፈላል። አዘጋጁ ከማንም ጋር አልተወራረደም፤ ድርሻውን ቆርጦ ቀሪውን ያከፋፍላል። በኬኖ ግን ክፍያው ቋሚ ነው፤ አንድ ሰው ተጫወተ፣ ሺህ ሰው ተጫወተ፣ ስምንት ካች ያደረገ 25,000ውን ይቀበላል። ቤቱ ራሱ ከእያንዳንዱ ተጫዋች ጋር ተወራራጅ ነው፤ በካሲኖ ቋንቋ «ባንኩ» እሱ ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ የካሊፎርኒያን ጉዳይ ይመልከት። የግዛቲቱ ሎተሪ ድርጅት የኬኖ ዕጣ ሲያካሂድ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1996 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጨዋታው ሎተሪ አይደለም ሲል ወሰነ። ምክንያቱም ድርጅቱ ሽልማት አከፋፋይ ሳይሆን ተወራራጅ ሆኗል፤ ባንክ ያለው ቁማር ደግሞ ለሎተሪው አልተፈቀደለትም። ድርጅቱ ጨዋታውን አቁሞ ሽልማቱ በሽያጩ መጠን የሚወሰንበት «ሆት ስፖት» የተባለ ሌላ ጨዋታ ለመተካት ተገደደ። ኳሱም ቁጥሩም ያው ሆኖ ሳለ፣ ኪሳራው በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ብቻ አንዱን ሕጋዊ ሌላውን ሕገ ወጥ አድርጎታል።

ዌይ ቲኬት፦ ጅምላ ወይስ ችርቻሮ?

በኬኖ አዳራሽ የሰለጠኑ የሚባሉት ተጫዋቾች ምልክት የሚያደርጉት ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ቁጥሮቹን በክብ እየከበቡ ይመድቧቸዋል። ይህ «ዌይ ቲኬት» ይባላል። ለምሳሌ 3 እና 17 አንድ ምድብ፣ 28 እና 44 ሁለተኛ፣ 59 እና 71 ሦስተኛ ምድብ ሆነው ተከበቡ እንበል። በዚህ አንድ ወረቀት ላይ ሦስት የሁለት ቁጥር ጨዋታዎች፣ ምድቦቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲጣመሩ ሦስት የአራት ቁጥር ጨዋታዎች፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ አንድ የስድስት ቁጥር ጨዋታ አለ። በቲኬቱ ኅዳግ 3/2፣ 3/4፣ 1/6 ተብሎ ይጻፋል፤ የመጀመሪያው አኃዝ የጨዋታው ብዛት፣ ሁለተኛው የስፖቱ ነው። በድምሩ ሰባት «ዌይ» ሆነ። ለአንዱ 50 ሳንቲም ከሆነ ቲኬቱ 3 ዶላር ከ50 ያስከፍላል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምድቦች ሙሉ በሙሉ ቢወጡ ሁለት የሁለት ቁጥር አሸናፊ፣ አንድ የአራት ከአራት፣ ሁለት የአራት ቁጥር ጨዋታ በሁለት ካች እንዲሁም ከስድስቱ አራት ካች በአንድ ጊዜ ይገኛሉ። ብቻውን የሚከበብ አንድ ቁጥር «ኪንግ» ይባላል፤ ከማንኛውም ምድብ ጋር እየተጣመረ የዌዩን ቁጥር ያበዛል።

ዌይ ቲኬት የተወደደው አንድ መልካም ዙር ሲመጣ ክፍያው ተደራርቦ ስለሚመጣ ነው። ሂሳቡ ግን አይለወጥም፤ ሰባት ቲኬት በአንድ ወረቀት ላይ መግዛት ነው። አንዳንድ ቤቶች በዌይ ለሚጫወት የአንዱን ጨዋታ ዝቅተኛ ዋጋ ይቀንሱለታል። ይህም ቅናሽ አይደለም፤ ክፍያውም በዚያው ልክ ይቀንሳልና። በጅምላ ሲገዙ ዋጋው የማይወርድበት ገበያ ቢኖር ይህ ነው።

«የሞቀ» ቁጥር

ሰሌዳውን አተኩረው የሚከታተሉ ደንበኞች ደጋግሞ የሚወጣውን ቁጥር «ሞቋል»፣ የጠፋውን «ተራው ደርሷል» ይሉታል። ኳሶቹ ባለፈው ዙር ምን እንደሆነ አያስታውሱም፤ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ሃያዎቹም ተመልሰው ይገባሉ። ጨዋታው እንደ አዲስ የሚጀመር እስከሆነ ድረስ ያለፈው ውጤት ለሚመጣው መረጃ አይሆንም።

ይህ እምነት አንድ ጊዜ ብቻ በአደባባይ ሰምሯል፤ የሰመረውም መሣሪያው ስለተበላሸ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1994 በካናዳ ሞንትሪያል ካሲኖ አንድ ተጫዋች ከወጡት 20 ቁጥሮች 19ኙን በተከታታይ ሦስት ጊዜ መትቶ ከ600,000 የካናዳ ዶላር በላይ አሸነፈ። ካሲኖው ክፍያውን አዘግይቶ ምርመራ ተደረገ። ጨዋታው በኳስ ሳይሆን በኤሌክትሮኒክ ዕቃ የሚሠራ ነበርና፣ ዕቃው እንደገና በተነሣ ቁጥር ዕጣውን ከአንድ ዓይነት መነሻ እየጀመረ የቀደመውን ቅደም ተከተል ይደግም እንደነበር ተደረሰበት። ሰውየው ማጭበርበር አልተገኘበትም፤ ገንዘቡ ተከፈለው። ከዚያ ወዲህ ይህ ታሪክ የሞቀ ቁጥር አሳዳጆች ምስክር ሆኖ ይጠቀሳል። የሚያስረዳው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ቁጥሮቹ የሚገመቱ የሆኑት ዕጣው ዕጣ መሆኑ በቀረበት ቀን ነው።

ትርፉ ያነሰው ማሽን ለምን ይበልጥ ያስከፍላል?

እስካሁን የተወራው የቤቱ ድርሻ ከመቶ ስንት እንደሆነ ነው። ነጋዴ ግን የትርፍ ህዳግ ግማሽ ወሬ እንደሆነ ያውቃል፤ ሌላው ግማሽ ዕቃው ስንት ጊዜ ይዞራል የሚለው ነው። ከመርካቶ ሱቅ በስኳር ላይ ሁለት ብር የሚያተርፈው በወርቅ ላይ መቶ ብር ከሚያተርፈው ሊበልጥ የሚችለው በዚህ ነው።

በኳስ የሚካሄደው ኬኖ ህዳጉ ከፍተኛ ይሁን እንጂ ዘገምተኛ ነው። በሰዓት ስምንት ዙር፣ በዙር ሁለት ዶላር የሚጫወት ሰው በሰዓት 16 ዶላር ያስይዛል። የቤቱ ድርሻ 27 ከመቶ ቢሆን በአማካይ የሚያጣው 4 ዶላር ከ30 ሳንቲም ገደማ ነው። ወንበሩ ምቹ ነው፣ መጠጥም ይቀርብለታል፤ ቤቱ በዚህ ተጫዋች ላይ ብዙ አልሠራም። የኬኖ አዳራሾች በብዛት የተዘጉትም ቦታና ሠራተኛ እያስያዙ የሚያስገቡት ስላነሰ ነው።

የኬኖ ማሽን ተቃራኒው ነው። ከተጫዋቹ ፊት ያለው ስክሪን ሃያውን ቁጥር በሴኮንዶች ያወጣል። በኔቫዳ ደንብ መሠረት የቁማር ማሽን ቢያንስ 75 ከመቶ ለተጫዋቾች እንዲመልስ ተደርጎ መሠራት አለበት፤ ብዙዎቹ ማሽኖች ከዚህ የተሻለ ይመልሳሉ። የአንዱ ማሽን የቤት ድርሻ 10 ከመቶ ብቻ ነው እንበል፤ ከኳሱ ኬኖ ሲታይ ርካሽ ነው። አንድ ሰው 25 ሳንቲም እያስያዘ በሰዓት 600 ጊዜ ቢጫወት ግን ያስያዘው 150 ዶላር ይሆናል፤ ከዚያ ላይ 10 ከመቶ 15 ዶላር ነው። በሩብ ዶላር የሚጫወተው በሁለት ዶላር ከሚጫወተው ሦስት እጥፍ በላይ ከፈለ። ሳንቲሟ ስታንስ ሰዓቱ ይከፍልላታል።

ከክፍያ በኋላ ያለው ክፍያ

በመጨረሻ የግብሩ ጉዳይ አለ፤ በሰንጠረዡ ላይ ግን አይጻፍም። በአሜሪካ የሚኖር ሰው ያሸነፈውን በገቢነት ያስታውቃል። ነዋሪ ያልሆነ የውጭ አገር ዜጋ፣ ለምሳሌ ለትርኢት የሄደ ነጋዴ፣ በኬኖ ካሸነፈው ላይ 30 ከመቶ ለፌዴራሉ መንግሥት የሚቀነስበት ሕግ አለ። ብላክጃክ፣ ባካራት፣ ክራፕስ፣ ሩሌትና «ቢግ ሲክስ» የተባለው መሽከርከሪያ ከዚህ ቅነሳ ነፃ ናቸው፤ ኬኖ ግን የለበትም። አንዳንድ አገሮች ከአሜሪካ ጋር ባላቸው የግብር ስምምነት ዜጎቻቸው ቅነሳው ይቀርላቸዋል፤ ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ስምምነት የላትም። ሌላው ደግሞ ነዋሪው ከሚፈቀድለት በተለየ፣ የውጭው ሰው ቀደም ሲል የተሸነፈውን ገንዘብ ከአሸነፈው ላይ መቀነስ አይችልም። ባንኮኒው ላይ ፓስፖርት ሲጠየቅ የሚሞላው ቅጽ የዚሁ ነው።

ወደ ኤይት ስፖቱ ሰንጠረዥ ስንመለስ ቅነሳው የሚያመጣው ለውጥ በሳንቲም ሊነገር ይችላል። ግብሩ በትልልቆቹ ሁለት ሽልማቶች፣ በ1,500ውና በ25,000ው ላይ ብቻ ቢቆረጥ እንኳ፣ 1,500ው 1,050፣ 25,000ው ደግሞ 17,500 ይሆናሉ። ከእያንዳንዱ ዶላር ወደ ተጫዋቹ ይመለስ የነበረው 73 ሳንቲም ገደማ ለእንግዳው ወደ 62 ይወርዳል፤ ቀሪው 38 ሳንቲም ለካሲኖውና ለግብር ሰብሳቢው ይከፋፈላል።